እንከን ቶሎ የሚነገርበት መሥሪያ ቤት

የዛሬው ርእሳችን ላይ ላዩን ሲታይ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ፊት ለሚውሉ ሰዎች የሚተው ይመስላል። የምንነጋገረው አጃይል ስለሚባለው የሶፍትዌር አሠራር ነው፤ በተለይም አንድ መሥሪያ ቤት ይህን አሠራር ልከተል ብሎ ሲነሣ ከሰዎቹና ከአደረጃጀቱ ምን መለወጥ እንዳለበት። ጉዳዩ ግን በጌዴኦ ዞን የኮቸሬ ወረዳ ገበሬ ጓሮ ከገባ ሰነባብቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ወደ አባል አገራቱ የሚገባ ቡና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልመጣ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ለዚህም ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ ይመዘገባል፤ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ የካርታ ነጥብ ይበቃል። በትልልቅ ዛፎችና በእንሰት ጥላ ሥር ቡና የሚያበቅለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። መልሱን ከማሳው አንሥቶ ገዢው ዘንድ የሚያደርሰው ግን የመረጃ ሥርዓት ነው፤ ያም ሥርዓት ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የተሠራበትን ድርጅት መልክ ይዞ ይወጣል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ በግልጽ አስቀምጦታል። ክፍሎቹ የማይነጋገሩ ድርጅት የሚሠራው ሥርዓት ክፍሎቹ የማይነጋገሩ ይሆናል። ስለዚህ ስለ ሶፍትዌር ማውራት ስለ መሥሪያ ቤት ማውራት ነው፤ እዚህ ያለን ሁላችን ደግሞ ስለ መሥሪያ ቤት እናውቃለን፤ ገሚሳችን እንሠራበታለን፣ ሁላችንም በሩ ላይ ተሰልፈናል።

አጃይል ራሱ ምንድን ነው? የቆየው የሶፍትዌር አሠራር ጥናቱን ጨርሶ፣ ንድፉን ጨርሶ፣ ግንባታውን ጨርሶ፣ በመጨረሻ ይሞክራል፤ ተጠቃሚው ሥራውን የሚያየው ገንዘቡም ጊዜውም ካለቀ በኋላ ነው። በ1993 ዓ.ም. የካቲት ወር 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት ስኖውበርድ በተባለ ቦታ ተሰብስበው ይህን የሚቃወም አጭር መግለጫ አወጡ። ሥራው በአጭር ዙር ይከፈል፤ በየዙሩ መጨረሻ የሚሠራ ነገር ለተጠቃሚው ይታይ፤ ከታየው ተነሥቶ ቀጣዩ ይወሰን አሉ። የቡና ለቀማን የሚያውቅ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳዋል። ጎበዝ ለቃሚ አንዱን ዛፍ በአንድ ቀን አራግፎ አይሄድም፤ የቀላውን ለቅሞ፣ ጥሬውን ትቶ፣ ሲበስል ደግሞ ይመለሳል።

ዘዴው ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ መሥሪያ ቤቶች ለምን ይቸገራሉ? መልሱን ለማግኘት አንድ ቦታ እንቁም፤ በለቀማ ወቅት ማታ ላይ፣ የእሸት ቡና መረከቢያ ሚዛን አጠገብ። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት ሰልፉ ረጅም ነው። መዝጋቢው አዲስ ፕሮግራም የተጫነበት ስልክ ተሰጥቶታል። አንድ ገበሬ ከሦስት ቦታ የለቀመውን አንድ ላይ ይዞ ይመጣል፤ ከጓሮው፣ ከአባቱ ከወረሰው ቁራሽ መሬት፣ ከጎረቤቱ ጋር በእኩል ከያዘው። ስልኩ ላይ ያለው ቅጽ ግን ለአንድ ሰው አንድ ማሳ ብቻ ይቀበላል። የሚቀጥለው ገበሬ ስም ከነአያቱ ከሌላ ሰው ስም ጋር አንድ ነው። መሐል ላይ ኔትወርክ ይጠፋል። መዝጋቢው ምን ያደርጋል? ሦስቱን ቦታ በጓሮው ስም ይመዘግብና ሰልፉን ያስኬዳል። ሰልፉ ያልቃል፣ መዝገቡ ይሞላል፣ ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርትም ምዝገባው መቶ በመቶ ተከናውኗል ይላል። በዚያች ማታ የተጻፈው መረጃ ግን የተሳሳተ ነው፤ ሕጉ የሚፈልገውም ያንኑ መረጃ ነው።

እንከኑን ያወቀው መዝጋቢው ነው። ማረም የሚችለው ባለሙያ ምናልባት አዲስ አበባ ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል የቡና መረከቢያ ጣቢያው ኃላፊ፣ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ ዩኒየኑ፣ ውሉን የፈረመው ክፍልና የሶፍትዌር ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አሉ። ሁሉም ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ ወሬውን ትንሽ የሚያለዝብበት፣ ትንሽ የሚያዘገይበት ምክንያት አለው። ገና በሥራው መጀመሪያ «አልሆነም» ብሎ መጻፍ በአፈጻጸም ምዘናው ላይ ያስጠይቀው ይሆናል። ወሬው ባለሙያው ዘንድ ሲደርስ ለቀማው አልቋል። ቀጣዩ ለቀማ ያለው በዓመቱ ነው። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት አጃይል ሆኗል የሚባለው ይህ መንገድ ሲያጥር ነው። ባለሙያዎቹ በየጠዋቱ ለ15 ደቂቃ ቆመው ቢሰበሰቡ፣ ግድግዳው በባለቀለም ወረቀት ቢሞላም፣ እንከኑን ያየ ሰው ሳይፈራ የማይናገር ከሆነና የሰማው ቡድን ላይ ታች ሳይል የሚያርምበት ሥልጣን ከሌለው የተለወጠ ነገር የለም። የለውጥ አመራሩ ሥራ ሁሉ ወደዚህ አንድ ጉዳይ መጠቅለል አለበት፤ መጥፎ ወሬ ምን ያህል ቶሎ ይደርሳል፣ ሲደርስስ ማን ይወስናል።

ለዚህ አቋም ጥሩ ማስረጃ ከሚሆኑት አንዱ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ ነው። ቢሮው የወረቀት መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር የጀመረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ከፈሰሰበት በኋላ ተጣለ። በዓመቱ ሴንቲኔል የተባለ ሌላ ፕሮጀክት፣ በኋላ 451 ሚሊዮን ዶላር በደረሰ በጀት፣ በአራት ምዕራፍ፣ ለትልቅ ተቋራጭ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከበጀቱ 405 ሚሊዮን ያህሉ ወጥቶ የተረከቡት ሁለቱን ምዕራፎች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ቢሮው ሥራውን ከተቋራጩ ተረክቦ በራሱ እጅ አስገባው፤ ሠራተኛውን በእጅጉ ቀነሰ፤ በየሁለት ሳምንቱ የተሠራው ነገር እየሮጠ ለሚጠቀሙበት ሰዎች እንዲታይ አደረገ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 ሥራ ጀመረ። በአዲሱ አሠራርም ከታሰበለት ቀን መዘግየቱ አልቀረም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ልዩነቱ መዘግየቱ በየሁለት ሳምንቱ በዓይን ይታይ የነበረ መሆኑ ነው። ቀድሞ የነበረው ሪፖርት ለዓመታት «እየተጠናቀቀ ነው» ሲል ኖሯል፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈት ስክሪን ግን እንዲህ ሊል አይችልም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሶፍትዌር ውጭ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጠናች። የተሻለ አመራርና መግባባት ያለው ክፍል ስህተቱ ያንሳል ብላ ጠብቃ ነበር። መዝገቡ ያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ በተሻሉት ክፍሎች የተመዘገበው ስህተት በዛ። ጠለቅ ብላ ስታየው፣ በእነዚያ ክፍሎች ነርሶቹ ስህተትን ለመናገር አይፈሩም ነበር፤ በሌሎቹ ይሸሸግ ነበር። ይህን ወደ እኛ መሥሪያ ቤቶች እናምጣውና አስከትሎ የሚመጣውን እንይ። አንድ ኃላፊ ችግር ያልተጻፈባቸውን ሪፖርቶች እየመረጠ የሚሸልም ከሆነ፣ ሳያውቀው እየሸለመ ያለው ዝምታን ነው። አጃይል በጀመረ ቡድን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነገረው እንከን ቁጥር መጨመሩ አይቀርም። ለዚህ ያልተዘጋጀ አመራር «ይህ አሠራር ችግር አመጣብን» ብሎ፣ ልክ መሥራት በጀመረበት ሰዓት ያቆመዋል።

አገራችን በዚህ ረገድ ልምድ የላትም ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ብዙ አላት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቢፒአር (የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) በየመሥሪያ ቤቱ ገባ፤ ቢኤስሲ የተባለው የውጤት መመዘኛ ተከተለ፤ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት የተባሉ የሠራተኛ አደረጃጀቶች መጡ። ቢፒአር በንግድ ፈቃድና በመሰል አገልግሎቶች የባለጉዳይን እንግልት የቀነሰበት ቦታ እንዳለ መካድ ተገቢ አይሆንም። አንድ ለአምስትም በወረቀት ላይ ሲነበብ ከአጃይል ቡድን ብዙም አይርቅም፤ ትንሽ ቡድን፣ ቶሎ ቶሎ መገናኘት፣ እርስ በርስ መማማር። የተለየው ቃለ ጉባኤው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ተናጋሪው ያለው ነገር ወደ ላይ ወጥቶ ለግምገማው እንደሚውል ሲያምን፣ የሚናገረው የሚጠበቅበትን ይሆናል። ስብሰባው ይቀጥላል፣ ቅጹ ይሞላል፣ እውነቱ ግን ኮሪደር ላይ ይወራል።

ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የበለጠ ያስተምረናል፤ ምክንያቱም የአጃይል የቅርብ ዘመድ ነው። ስክረም የተባለው በሰፊው የሚሠራበት የአጃይል ስልት መነሻው ታኬውቺና ኖናካ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1986 በአብዛኛው በጃፓን ኩባንያዎች አዲስ ምርት ስለሚዘጋጅበት መንገድ የጻፉት ጽሑፍ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓንን መንግሥት ድጋፍ ጠይቀው በ30 ገደማ ፋብሪካዎች ሙከራ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ ሰው ካይዘን ሲባል የሚያስታውሰው የሥራ ቦታ ማስተካከያ የሆኑትን አምስቱን «ማ»ዎች፣ ወለል ላይ የተሰመረውን ቢጫ መስመር፣ በየመደርደሪያው የተለጠፈውን ስም ነው። የቶዮታ ፋብሪካ እምብርት ግን ሌላ ነገር ነበር። ማንኛውም ሠራተኛ እንከን ሲያይ ገመድ ስቦ መስመሩ እንዲቆም ማድረግ ይችላል፤ የቅርብ ኃላፊውም «ምን አየህ?» ብሎ ሊያግዘው ይመጣል። ቢጫው መስመር በአንድ ሳምንት ይሰመራል። ገመዱን የሳበን ሠራተኛ እንዳይቆጡት ማድረግ ዓመታት ይወስዳል፤ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከኃላፊው ግን ብዙ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለውጡን የሚመራ ሰው ከየት ይጀምር? ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ ሦስት ቀን ማሠልጠን የተለመደ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ሥልጠና መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። የሚቀድመው አንድ እውነተኛ ሥራ ያለው አንድ ቡድን ማቋቋም ነው፤ በቡና ምሳሌያችን ሚዛን ላይ የሚቀመጠው መዝጋቢ የቡድኑ አባል መሆን አለበት፤ በዓመት አንዴ አስተያየት የሚጠየቅ እንግዳ ሆኖ መቅረት የለበትም። ቀጥሎ ሪፖርቱ ይለወጥ። «73 በመቶ ተጠናቋል» የሚል ሪፖርት ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፤ «ሦስት ማሳ ያለውን ገበሬ መዝግበን አሳይተናል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ገና አይሠራም» የሚል ሪፖርት ግን ማንም ሰው ሚዛኑ ድረስ ሄዶ ያየዋል። ይህን ካደረገ በኋላ ኃላፊው የመጀመሪያው መጥፎ ወሬ ሲመጣ እንዴት እንደሚቀበለው ይጠንቀቅ፤ ሠራተኛው በሙሉ የሚያየው ያንን ነው። «ለምን እስካሁን አልነገራችሁኝም?» የሚል የቁጣ ጥያቄ አንዴ ከወጣ የወራት ሥራ ያፈርሳል።

በጣም የሚረሱት ግን መካከለኛ ኃላፊዎች ናቸው፤ የሂደት አስተባባሪው፣ የቡድን መሪው፣ የክፍል ኃላፊው። ለውጥ ሲከሽፍ ጣት የሚቀሰረው በእነርሱ ላይ ነው፤ «ለውጥ ተቃዋሚዎች» ይባላሉ። ፍርዱ ሚዛናዊ አይመስለኝም። አንድ ሰው 15 ዓመት ሠርቶ የደረሰበት ደረጃ ከላይ ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ ታች ማስተላለፍ፣ ከታች ሪፖርት ሰብስቦ ወደ ላይ መላክ ሆኖ ሳለ፣ ከዛሬ ጀምሮ መዝጋቢውና ፕሮግራመሩ በቀጥታ ይነጋገራሉ ሲባል ምን ቀረለት? ደመወዙና ደረጃው እንደማይነካ በግልጽ ካልተነገረው፣ አዲስ ሥራም ካልተሰጠው መከላከሉ ተፈጥሯዊ ነው። አዲሱ ሥራ ደግሞ አለ፤ ከባድም ነው። ቡድኑ በራሱ ሊፈታው የማይችለው እንቅፋት ብዙ ነው፤ ፋይናንስ ክፍል የያዘው ክፍያ፣ ሁለት መሥሪያ ቤት የሚጣላበት የመረጃ ባለቤትነት፣ ዩኒየኑ ሊሰጥ ያልፈለገው ዝርዝር። በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎች በወላይታ ሶዶ፣ በዲላ፣ በአርባ ምንጭና በሌሎችም የማእከል ከተሞች ተሠራጭተዋል፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መልስ ለማግኘት ሰውን የሚያውቅ፣ አሠራሩን የሚያውቅ፣ ስልክ የሚነሣለት ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው መካከለኛው ኃላፊ ነው። ወጣቱ ፕሮግራመር ይህን አይችልም።

መቼም ይህን ሁሉ የሰማ አስተዋይ ሰው ተቃውሞ ማቅረቡ አይቀርም። አንዱ ስለ ባህላችን ነው፤ አለቃ ይከበራል፣ ታናሽ በታላቅ ፊት አይናገርም፣ ይህ የነጮች አሠራር ነው ይባላል። የጌዴኦ ሕዝብ ለዚህ የራሱ መልስ አለው። በየመንደሩ በዛፍ ጥላ ሥር ሶንጎ በሚባል ሸንጎ ተቀምጦ ነገርን በአደባባይ እየሰሙ፣ እየመረመሩ መቋጨት የዚህ አገር ሥርዓት ነው፤ ባሌ በሚባለው ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓቱም ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። መከባበር ጠፍቶ አያውቅም፤ ነገሩ ግን ሳይነገር አይታለፍም። ሶንጎን አስጊጬ ላቀርበው አልፈልግም፤ በአብዛኛው የወንድ ሽማግሌዎች መቀመጫ ሆኖ ኖሯል፤ እሸት የምትለቅመውና ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የምትለየው ሴት ድምፅ በቀላሉ አይደርስበትም። የአጃይል ቡድን ሲቋቋም ይህ ጉድለት እንዳይደገም ሆን ብሎ መጠንቀቅ ያሻል፤ ማድረቂያው ላይ ያለውን ብልሽት ቀድማ የምታየው እርሷ ናትና። ሆኖም አለቃን እያከበሩ ስለ ሥራው እውነቱን መናገር ለዚህ ምድር እንግዳ ነገር ነው የሚለውን ክርክር አልቀበልም።

ሌላው ተቃውሞ ከፋይናንስና ከኦዲት በኩል ይመጣል፤ ከባዱም እርሱ ነው። የመንግሥት በጀት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ግዢ የሚፈጸመው በዝርዝር መግለጫ ነው፤ የሚሠራውን አስቀድሞ ሳያስቀምጥ ገንዘብ የሚጠይቅ ቡድን ለብልሹ አሠራር በር ይከፍታል ይላሉ። ስጋቱ እውነት ነው፤ መልሱም ዕቅድን መተው አይደለም። ገንዘቡ ይቆረጥ፣ ጊዜው ይቆረጥ፣ ሕጉ የሚያስገድደው ነገርም አይነካ፤ የማሳው መገኛ መመዝገቡ ለድርድር አይቀርብም። ክፍት የሚተወው በዚያ ገንዘብና ጊዜ ውስጥ የትኛው ቅጽ፣ በምን መልክ፣ በምን ቅደም ተከተል ይሠራል የሚለው ነው። ክፍያው በየዙሩ በሚታይ ውጤት ቢሆን ኦዲተሩ አሁን ካለው የበለጠ ማስረጃ ያገኛል፤ ሰኔ ላይ በጥድፊያ የተፈረመ የርክክብ ሰነድ ግን ምንም አይነግረውም። ዝርዝሩን አስቀድሞ ማሰር ያስተማምናል የሚልም የዚህኑ የአውሮፓ ሕግ ታሪክ ይመልከት። ተፈጻሚነቱ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለ2024 መጨረሻ ተቆርጦ ነበር፤ በአንድ ዓመት ተራዘመ፤ ከዚያም እንደገና ተራዘመ። ሕግ አውጪው ራሱ እየተማረ የሚያሻሽለውን ሕግ በማይነቃነቅ ውል ለማሟላት የተነሣ ድርጅት፣ ወይ ውሉን ይጥሳል፣ ወይ የማይጠቅም ነገር ይረከባል።

ባለሙያ የለንም የሚለው ሦስተኛው ቅሬታ ብዙ አያቆየንም። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ አለ፤ አንድ ዞን ደግሞ ለመጀመሪያው ቡድን የሚያስፈልገው ሁለት ሦስት ፕሮግራመር፣ አንድ ቡናውን የሚያውቅ ሰውና አንድ መዝጋቢ ነው። ቡድኑ ማነሱ መነጋገሩን ያቀልለታል።

ጊዜውም ለቡድኑ ይመቻል። በጀቱ በሐምሌ ይከፈታል፤ ለቀማው በእኛ አገር ከመስከረም ማብቂያ አንሥቶ ወደ ጥቅምት ይደምቃል፤ ዝቅ ያለው ቀበሌ ቀድሞ ይበስላል፣ ደጋማው ይዘገያል። ከሐምሌ መግቢያ እስከ መጀመሪያው እሸት ድረስ የሁለት ሳምንት ዙር አምስት ስድስት ጊዜ ይገባል። በእነዚያ ዙሮች ፕሮግራሙ ባዶ ሚዛን አጠገብ፣ ኔትወርክ ሆን ተብሎ ጠፍቶ፣ ስማቸው አንድ በሆነ ሁለት ገበሬዎችና ሦስት ማሳ ባለው አንድ ገበሬ ይሞከር። ከዚያ ዝቅ ባለው ቀበሌ አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ይጀመር፤ ማታ ማታ መዝጋቢው ያልተመቸውን ለፕሮግራመሩ በቀጥታ ይደውልለት፤ ደጋማው ቀበሌ ለቀማ እስኪጀምር ድረስ ያለው ጥቂት ሳምንት ለማረሚያ ይሁን። ለዚህ አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የጣቢያው ኃላፊ መዝጋቢው በቀጥታ እንዲደውል መፍቀዱና ይህንንም ለሠራተኞቹ በጽሑፍ ማሳወቁ ነው።